የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ሲመዘኑ፦ ለማን ይሆናሉ፣ ለማን አይሆኑም

«ይሠራሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ ለሁለቱ ሳምንታዊ መርፌዎች መልስ አግኝቷል። ሴማግሉታይድ (ለክብደት ሲታዘዝ ዌጎቪ የሚባለው) 1961 ሰዎች በተሳተፉበትና በ2021 በታተመው ስቴፕ 1 ጥናት፣ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት አስቀንሷል። መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ መርፌ የተወጉት የቀነሱት 2.4 በመቶ ነበር። ቲርዜፓታይድ (ዜፕባውንድ) ደግሞ በዓመቱ በታተመው ሰርማውንት 1 ጥናት፣ በከፍተኛው መጠኑ በ72 ሳምንት 20.9 በመቶ ደርሷል። መቶ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 15 እና 21 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ከስቴፕ 1 ተሳታፊዎች የተወሰኑት መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለአንድ ዓመት ሲታዩ፣ ከጣሉት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። ይህን በስንፍናቸው ማሳበብ አይቻልም። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቆም ግፊቱ እንደሚመለስ ሁሉ፣ መድኃኒቱ ያስታገሰው ረሃብም መድኃኒቱ ሲወጣ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ የተዘረዘሩትን መድኃኒቶች የመዘንነው በዋናነት በአንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው ለዓመታት አብሯቸው ሊኖር ይችላል ወይ? ለሠርግ የተሰፋ ልብስ እንዲገባለት አምስት ኪሎ ለመጣል የሚፈልግ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ለእሱ አይሆኑም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

መስፈርቱን ያሟላሉ?

ሐኪሞች የሚጀምሩት በቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽር ቁጥር) ነው። ክብደትዎን በኪሎግራም፣ ቁመትዎን በሜትር ይለኩ፤ ክብደቱን ለቁመቱ ካሬ ያካፍሉ። 85 ኪሎ የሚመዝንና 1.65 ሜትር የሚረዝም ሰው፦ 1.65 ሲባዛ በ1.65 ወደ 2.72 ይመጣል፤ 85 ለዚያ ሲካፈል 31.2 ይሆናል። የተለመደው መስፈርት 30 እና ከዚያ በላይ ነው። ከ27 ጀምሮም ከክብደት ጋር የተያያዘ ችግር ካለ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለምሳሌ የደም ግፊት፣ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ የኮሌስትሮል መዛባት ወይም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቆራረጥ። የእስያ ዝርያ ላላቸው ሰዎች ስኳርና የልብ ችግር በዝቅተኛ ክብደትም ስለሚመጣ አንዳንድ መመሪያዎች ቁጥሩን በ2.5 ያወርዱታል።

ቢኤምአይ ጡንቻና ስብ አይለይም። ለማመሳከር አንድ ክር በቁመትዎ ልክ ይቁረጡ፣ ለሁለት አጥፈው ወገብዎን እምብርት አካባቢ ይዙሩበት። የክሩ ጫፎች ካልገጠሙ የወገብዎ ዙሪያ ከቁመትዎ ግማሽ ይበልጣል፤ የሆድ ስብ አደጋ ላይ ነዎት ማለት ነው።

ማዘዣ ከመጠየቅዎ በፊት ደግሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ፕሬድኒሶሎን፣ ኦላንዛፒን፣ ሚርታዛፒን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ቫልፕሮኤት፣ ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር እንክብሎች ራሳቸው ክብደት ይጨምራሉ። አንዱን በሌላ መተካት ከተቻለ ሌላ መድኃኒት መደረብ ላያስፈልግ ይችላል። መተካቱ ግን የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ቫልፕሮኤት በድንገት ሲቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

ሳምንታዊዎቹ መርፌዎች

ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ለአንጎል «በቃ» ይላል፣ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲለቅ ያደርጋል፣ ቆሽት እንደ ስኳሩ መጠን ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያግዛል። የተፈጥሮው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ሴማግሉታይድ ያንኑ መልእክት ይዞ ግማሹ ከደም ለመውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ቲርዜፓታይድ ጂአይፒ የሚባል ሁለተኛ ሆርሞን ተቀባይንም ይነካል፤ ግማሹ በአምስት ቀን ገደማ ይወጣል። በሳምንት አንዴ መወጋት የሚበቃው ለዚህ ነው።

መጠኑ እንደ ደረጃ ነው የሚወጣው። ዌጎቪ በ0.25 ሚሊግራም ይጀመርና በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ 1፣ 1.7፣ በመጨረሻም ወደ 2.4 ይወጣል፤ ከላይ ለመድረስ 16 ሳምንት ይወስዳል። ዜፕባውንድ በ2.5 ተጀምሮ ከአራት ሳምንት በኋላ 5 ይሆናል፤ ካስፈለገ በየአራት ሳምንቱ በ2.5 እየጨመረ እስከ 15 ይሄዳል። የመጀመሪያው ወር መጠን ክብደት ለመቀነስ የታሰበ አይደለም፣ ሆድ እንዲለምድ ነው። በዚያ ወር ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። በተቃራኒው፣ በዝቅተኛው መጠን ክብደቱ እየወረደ ከሆነ ወደ ላይ ለመሮጥ ምክንያት የለም። በዚህ መድኃኒት ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ትልቁ ደረጃ መዝለል ነው፤ ሳያቋርጥ የሚያስመልሰው ሰው ብዙ ጊዜ ደረጃ የዘለለው ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው የሆድ ነው፦ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ድርቀት፣ ማስመለስ፣ ቃር። መጠኑ በተጨመረባቸው ቀናት ይብሳል፣ ከዚያ ይላላል። የሚረዳው ነገር ቀላል ነው፤ የምግቡን መጠን በግማሽ መቀነስ፣ በዝግታ መብላት፣ ገና ጠገብኩ የሚል ስሜት ሲጀምር ማቆም፣ ቅባት የበዛበትን ምግብ በተለይ ከመርፌው ቀጥለው ባሉት ሁለት ቀናት መተው፣ በልቶ ወዲያው አለመተኛት። ለድርቀቱ ውኃና አሰር ያለው ምግብ፤ ሦስት ቀን ካለፈ ፋርማሲስቱን የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት ይጠይቁ። ማስመለሱ ውኃ እንኳ እስከማይዙ ድረስ ከበረታ ግን ቤት ተቀምጦ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊት ይጎዳል። በስቴፕ 1 ጥናት በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት ሴማግሉታይድ ከወሰዱት ከመቶ 7 ያህሉ ነበሩ። ይህን የምንጠቅሰው አብዛኛው ሰው እንደሚለምደው፣ ጥቂቱ ደግሞ እንደማይለምደው አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው።

ሁለት ዓይነት ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል። አንደኛው ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ የማያቋርጥ ከባድ ሕመም ነው፤ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች የሚሰማ፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት የተከተለው ሕመም ነው፤ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ይበዛል።

መርፌውን ስለ መወጋት ብዙ የሚባል የለም። ሆድ (ከእምብርት ጥቂት ጣት ርቆ)፣ ጭን ወይም የላይኛው ክንድ፤ በየሳምንቱ ቦታ መቀያየር፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ይሆናል። ማስቀመጫው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ የበረዶው ክፍል ውስጥ አይገባም፤ አንዴ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ ቢቀልጥም ይጣላል። ዌጎቪ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት 28 ቀን ይቆያል፣ ዜፕባውንድ 21 ቀን። መኪና ውስጥ ረስቶ መተው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀኑ ካለፈብዎስ? ለዌጎቪ የሚቀጥለው መርፌ ከሁለት ቀን በላይ ከቀረው የረሱትን ይውሰዱ፣ ከዚያ ካነሰ ይዝለሉት። ለዜፕባውንድ ካለፈ አራት ቀን ካልሞላው ይወስዱታል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሳምንት ተከታትሎ ከታለፈ ግን በነበሩበት ከፍተኛ መጠን ከመመለስ ይልቅ ሐኪሙ ዝቅ አድርጎ ሊያስጀምርዎት ይችላል፤ ሆድ ልማዱን በፍጥነት ይረሳል።

ጡንቻን በተመለከተ ማስታወቂያዎቹ ዝም ይላሉ። በዚህ መንገድ ከሚወርደው ክብደት ከሩብ በላይ፣ በአንዳንድ ልኬቶች እስከ 40 በመቶ የሚጠጋው፣ ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ላለፈ ሰዎች ይህ ከወንበር መነሳትንና ደረጃ መውጣትን የሚነካ ጉዳይ ነው። ምግብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎድለው ፕሮቲን ስለሆነ ከሳህኑ ላይ ፕሮቲኑ ይቅደም፤ ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመክራሉ፤ የኩላሊት በሽታ ላለበት ሰው ይህ ቁጥር አይሠራም። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ክብደት ማንሳት ወይም በራስ ክብደት የሚሠራ የጡንቻ ስፖርት ይጨመርበት። የእግር ጉዞ ብቻውን ጡንቻ አያተርፍም።

ከሁለቱ የትኛው? በ2025 የታተመው ሰርማውንት 5 ጥናት ጎን ለጎን አወዳድሯቸው ነበር፦ በ72 ሳምንት ቲርዜፓታይድ 20.2 በመቶ፣ ሴማግሉታይድ 13.7 በመቶ አስቀንሰዋል። በሚዛኑ ብቻ ከሆነ ቲርዜፓታይድ አሸንፏል። በእንቅልፍ ጊዜ ለሚመጣ የትንፋሽ መቆራረጥም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2024 ፈቅዶታል። ልባቸው ለታመመ ግን ሴማግሉታይድ ጠንካራ ማስረጃ ይዟል። 17,604 ሰዎች በተሳተፉበት ሴሌክት ጥናት፣ የልብና የደም ሥር በሽታ ባለባቸው ነገር ግን ስኳር በሌለባቸው ሰዎች ላይ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞትን አንድ ላይ በ20 በመቶ ቀንሷል። ሃያ በመቶ ሲባል ትልቅ ይመስላል፤ በቀጥታ ሲቆጠር ከመቶ ሰው 8 ይገጥመው የነበረው ወደ 6.5 ወረደ ማለት ነው። ልቡ አንዴ ለታመመ ሰው ይህም ቢሆን ዋጋ አለው።

ሊራግሉታይድ (ሳክሴንዳ) የእነዚህ ታላቅ ወንድም ነው። በየቀኑ ይወጋል፣ ከ0.6 ሚሊግራም ተነስቶ በየሳምንቱ እየጨመረ 3 ይደርሳል፣ የሚያስቀንሰው በዓመት 8 በመቶ ገደማ ነው። ሳምንታዊዎቹ ሲጠፉ ወይም አቅም ሲያጥር ካልሆነ ዛሬ መጀመሪያ የምንመርጠው አይደለም።

መርፌዎቹ የማይሆኑላቸው

ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ወይም በቤተሰቡ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ሜን 2 የተባለው የዘር በሽታ ያለበት አይወስድም። ማስጠንቀቂያው የመጣው በአይጦች ላይ ከታየ ዕጢ ነው፤ በሰው ላይ ባይረጋገጥም ክልከላው ጽኑ ነው። ቆሽቱ ከዚህ በፊት የተቆጣበት፣ ጨጓራው ምግብ ለማሳለፍ በጣም የሚዘገይበት፣ ራስን የማስራብ ወይም በልቶ የማስመለስ ችግር ያለበት ሰው ሌላ መንገድ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት። ቲርዜፓታይድ ደግሞ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያን ያዳክማል፤ ከጅማሬው በኋላ ለአራት ሳምንት፣ መጠኑ በተጨመረ ቁጥርም እንደገና ለአራት ሳምንት ኮንዶም መጨመር ወይም ወደማይዋጥ መከላከያ መዞር ያስፈልጋል። ክብደት ሲወርድ የመፀነስ ዕድልም እንደሚጨምር ማስታወስ ደግ ነው፤ ሳይታሰብ የሚመጣ እርግዝና በዚህ መንገድ ያጋጥማል።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ የእነዚያ መጠን ካልተቀነሰለት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። የዓይኑ ረቲና በስኳር የተጎዳም ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን ይታይ። ቀዶ ሕክምና ወይም ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) የተቀጠረለት ሰው መርፌውን እየወሰደ መሆኑን ለማደንዘዣ ባለሙያው መንገር አለበት፤ ጾሞ ቢመጣም ጨጓራው ባዶ ላይሆን ይችላል፣ ውስጡ የቀረው ምግብ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

እንክብሎቹ

ኦርሊስታት (ዜኒካል) ደም ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። አንጀት ውስጥ ስብ የሚፈጭን ኢንዛይም ይይዝና ከተበላው ስብ 30 በመቶ ገደማው ሳይፈጭ እንዲወጣ ያደርጋል። 120 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ወይም ከበሉ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዋጣል፤ ስብ የሌለው ምግብ ከሆነ ይዘለላል። ትርፉ ልከኛ ነው፣ ከማስመሰያው በዓመት 3 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ቅባት በበዛበት ቀን ልብስ የሚያቆሽሽ ዘይታማ ሰገራና በድንገት የሚያጣድፍ ሆድ ያመጣል፤ እንዲያውም ሰዎችን ከቅባት የሚያርቀው ይኸው ቅጣቱ ነው እንላለን። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬን ስለሚያጎድል ማልቲቫይታሚን ማታ ሲተኙ ይወሰድ። የታይሮይድ እንክብል (ሌቮታይሮክሲን) የሚወስድ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያርቅ። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ደሙን አዘውትሮ ይመርመር። በደህንነቱ ከዚህ ዝርዝር ጥሩ ነው፤ በአቅሙ ግን ደካማው።

ናልትሬክሶን ከቡፕሮፒዮን (ኮንትሬቭ) የሚሠራው አንጎል ላይ፣ በረሃብና በ«አማረኝ» ስሜት ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት አንድ፤ በሁለተኛው ጠዋት አንድ ማታ አንድ፤ በሦስተኛው ጠዋት ሁለት ማታ አንድ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ሁለት ሁለት። ሳይሰበርና ሳይታኘክ ይዋጣል፣ ቅባት ከበዛበት ምግብም ጋር አይወሰድም፤ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ወደ ደም ሲገባ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ወይም ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊንን የመሰለ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ይህን አይነካም፤ ናልትሬክሶን የማስታገሻውን ሥራ ዘግቶ ከባድ የማቋረጥ ስቃይ ያመጣበታል። ሲጋራም ለማቆም ለሚታገል ሰው ግን ልናስብበት የምንችለው ነው፤ ቡፕሮፒዮን ለዚያም ይታዘዛል።

ፌንተርሚን ከቶፒራሜት (ኪውሲሚያ) እዚህ ከተዘረዘሩት እንክብሎች ብርቱው ነው፤ በከፍተኛ መጠኑ በ56 ሳምንት 10 በመቶ ገደማ። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። በፅንስ ላይ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ስለሚያመጣ ከመጀመሩ በፊትና በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ይጠይቃል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) እና የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ያለባቸው አይወስዱም። የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ፣ ቃል መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው፤ በንግግር በሚሠራ ሙያ ላይ ላሉ ቃል መጥፋቱ ብቻውን ለማቆም በቂ ምክንያት ሆኖ እናየዋለን። ከከፍተኛው መጠን በድንገት ማቆም የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አንድ ቀን እየዘለሉ ወስዶ ይቆማል።

ሐኪም ስለ እንክብሎች ሲያመነታ ከተመለከቱ ታሪኩ ያስገድደዋል። ፌንፍሉራሚን የልብ ቫልቭ እየጎዳ በ1997፣ ሲቡትራሚን ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ስለጨመረ በ2010፣ ሎርካሴሪን በካንሰር ስጋት በ2020 ከገበያ ወጥተዋል። ሁሉም በጊዜያቸው ተመስግነው ነበር።

ከየት ይገኛል

መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ የሚገዛበት በር ሊያበላሸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ስለተገኙ ሐሰተኛ የሴማግሉታይድ ምርቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚልክ ድረ ገጽ፣ የተፋቀ የምድብ ቁጥር፣ በፊደል ግድፈት የተሞላ ማሸጊያ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የተጓዘ ፖስታ፤ አንዱ እንኳ ካለ አይወጉት።

በብልቃጥ የሚሸጠውና በኢንሱሊን ሲሪንጅ የሚቀዳው ዓይነት የራሱ ወጥመድ አለው። ሲሪንጁ ላይ ያሉት መስመሮች «ዩኒት» ናቸው፣ ሚሊግራም አይደሉም፤ 100 ዩኒት 1 ሚሊሊትር ነው። በአንድ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ካለው ብልቃጥ 0.25 ሚሊግራም ማለት 5 ዩኒት ነው። 5ቱን 50 ብሎ ያነበበ ሰው አሥር እጥፍ ይወጋል፤ መድኃኒቱ አንድ ሳምንት ስለሚቆይም ማስመለሱ ለቀናት አይለቀውም። በፋብሪካ መጠኑ የተሞላው ፔን (እስክሪብቶ መሳይ መርፌ) ካለ እሱን ይምረጡ። ፔን ለሌላ ሰው አይዋስም፤ መርፌው ቢቀየር እንኳ ደም ወለድ በሽታ ያስተላልፋል።

ቀጠሮው ላይ

መጀመሪያ ደም ግፊት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ኮሌስትሮል፣ ታይሮይድ፣ እንዲሁም የወገብ ልክ ይመዝገቡ፤ በኋላ ላይ መድኃኒቱ ከሚዛኑ ሌላ ምን እንደሠራ የሚታየው በእነዚህ ነው። ከሐኪሙ ጋር የማቆሚያ ቀንም ይቁረጡ። ሊቋቋሙት የቻሉትን ሙሉ መጠን ለሦስት ወር ወስደው ከመነሻ ክብደትዎ 5 በመቶ ካልወረደ መድኃኒቱ የእርስዎ አይደለም፤ 100 ኪሎ ከነበሩ 95 ማለት ነው። ሌላ ይሞከራል፣ ወይም ስለ ቀዶ ሕክምና ይወራል። የልብ ሕመምተኛ ሴማግሉታይድ የሚወስደው ለልቡም ስለሆነ ለእሱ ይህ ሕግ እንዲህ በጥብቅ አይሠራም።

መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ያለ መቆራረጥ የማግኘት አቅምና አቅርቦት ከወዲሁ ካልታየዎት፣ ሦስት ወር ወስዶ ከማቋረጥ ቢቆዩ ይሻላል። ክብደቱ ሲመለስ በብዛት የሚመለሰው ስብ ነው፤ የሄደው ጡንቻ ግን በራሱ አይመጣም። ማቆም ግድ ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ሊያወርድልዎ ይችላል፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከምግብ በፊት ይመዘኑ፤ ሦስት ኪሎ ከተመለሰ አሥር እስኪሞላ ሳይጠብቁ ይደውሉ።